ቆዳው እንቁላል ሆነ፤ ሜዮሲሱስ?

መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም. «ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ» የተሰኘው የሳይንስ መጽሔት አንድ ጥናት አወጣ። በአሜሪካ የኦሪገን የጤናና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሰው ቆዳ በተወሰደ ሕዋስ ተጠቅመው፣ ከወንድ ዘር ጋር መዋሐድ የሚችሉ 82 እንቁላሎች መሥራታቸውን አስታወቁ። ወሬው ውሎ ሳያድር ዓለምን አዳረሰ። በካንሰር ሕክምና እንቁላላቸውን ያጡ፣ ዕድሜ የቀደማቸው፣ ከናካቴው እንቁላል ኖሯቸው የማያውቁ ሴቶች ሁሉ አንድ ቀን የራሳቸውን ልጅ ሊያቅፉ ነው ተባለ።

ዜናው ውሸት የለበትም። የዘለለው ነገር ግን አለ። አንድ የሰው ሕዋስ 46 ክሮሞሶም ሲኖረው እንቁላል ያለው 23 ብቻ ነው። ስለዚህ የቆዳን ሕዋስ እንቁላል ለማድረግ ግማሹን ማስጣል ግድ ይላል። ተመራማሪዎቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ አስጣሉት። ተፈጥሮ ይህን ሥራ የምትሠራው ሜዮሲስ በሚባለው የሕዋስ ክፍፍል ነው። በሜዮሲስ ውስጥ ደግሞ ቁጥሩን መቀነስ መጨረሻ ላይ የሚመጣ፣ ከሁሉም ቀለል ያለ ሥራ ነው። ከባዱ ከዚያ በፊት ያለው ዝግጅት ነው። የኦሪገኑ ቤተ ሙከራ ዝግጅቱን ዘሎ በቀጥታ ቅነሳው ውስጥ ገባ። ውጤቱን ቀረብ ብሎ ላየው፣ የታየው ጉድለት ሁሉ የሚቀዳው ከዚህ ዝላይ ነው።

ዝግጅቱ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በቅሎ አለችልን። «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች እየተባለ ሲቀለድባት ኖራለች። በሳይንስ ዓይን ግን የምታፍርበት አባት የላትም፤ ችግሯ የሁለቱ ወላጆቿ አለመመጣጠን ነው። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞሶም አላቸው። በቅሎ ከእናቷ 32፣ ከአባቷ 31 ተቀብላ በ63 ትኖራለች። በዚህ ጎዶሎ ቁጥር አጥንቷም ጡንቻዋም ልቧም ይሠራሉ፤ ጭነት ተሸክማ አቀበት ስትወጣ ከሁለቱም ወላጆቿ ትሻላለች። ምክንያቱም ሰውነቷን የገነባው ማይቶሲስ የሚባለው ተራ ክፍፍል ነው። በማይቶሲስ እያንዳንዱ ክሮሞሶም ራሱን ይገለብጥና አንዱን ቅጂ ለአንዱ ልጅ ሕዋስ፣ ሌላውን ለሌላው ይሰጣል። ጎረቤቱን ማወቅ አይጠበቅበትም። ሕዋሱ የዘር ፍሬ ሊሠራ ሲነሳ ግን የእናት ክሮሞሶም ከአባት አቻው ጋር ፈልጎ መገናኘት አለበት። የፈረሱና የአህያው ክሮሞሶሞች ደግሞ በቅርጽም በአደራደርም ስለሚለያዩ በትክክል መጣመር ያቅታቸዋል። ጥንድ ያላገኘው ሕዋስ እዚያው ይቀራል፤ በቅሎም እጅግ ጥቂት ከሆኑ አጋጣሚዎች በቀር መካን ሆና ትኖራለች። ገበያ ላይ የምንገዛው ሙዝ ፍሬ አልባ የሆነውም ከዚህ ብዙ በማይርቅ ምክንያት ነው። እያንዳንዱ ክሮሞሶም በሦስት በሦስት ስለሚገኝ ለጥንድ አይመችም።

ሰው ይህን ሁሉ ማወቅ የጀመረው በአጉሊ መነጽር ብቻ አልነበረም። የቤልጅጉ ኤድዋርድ ቫን ቤነደን በ1883 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) በፈረስ አንጀት ውስጥ የሚኖር ወስፋት ሲመረምር፣ እንቁላሉና የወንዱ ዘር እኩል ቁጥር ያላቸው ክሮሞሶሞች ይዘው እንደሚገናኙ አየ። ጀርመናዊው ኦገስት ቫይስማን ግን ዓይኑ ስለታመመ በአጉሊ መነጽር እንደልቡ መሥራት አይችልም ነበር። እሱ ያደረገው ማሰብ ነው። በ1887 እንዲህ ሲል ተከራከረ፦ በየትውልዱ ሁለት ሕዋሳት ከተዋሐዱ የውርስ ቁሱ በየትውልዱ እጥፍ እየሆነ መሄድ ነበረበት። እንደዚያ ካልሆነ፣ ከውሕደቱ በፊት ቁሱን በግማሽ የሚቀንስ ክፍፍል የግድ አለ። የዛሬውን ስሙን ያገኘው ቆይቶ በ1905 ነው። የቫይስማን ሙግት ሊቅነቱ አያጠያይቅም፤ አንድ ጎጂ ቅርስ ግን ትቶልናል እላለሁ። ሜዮሲስ ማለት «በግማሽ መቀነስ» ነው የሚለው አስተሳሰብ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በመማሪያ መጻሕፍት ሁሉ ሰፍሮ ቀረ። የኦሪገኑ ዜናም ቀላል መስሎ የተሰማው በዚሁ ጆሯችን ስለሰማነው ነው።

አንድ ሕዋስ ሜዮሲስ ውስጥ የሚገባው በውሳኔ ነው። የዳቦውንና የጠጁን እርሾ ብንወስድ፣ ምግብ እስካለው ድረስ በተራው ክፍፍል ይባዛል። ናይትሮጅንና ስኳር ሲያልቅበት ግን አይኤምኢ1 የተባለው ጂን ይነቃና ሕዋሱ ወደ ሜዮሲስ ይዞራል፤ ክፉ ቀን የሚችሉ ስፖሮችንም ይሠራል። በእኛና በአይጥ ረሃቡ የለም። የፅንሱ አካል ራሱ ምልክት ይሰጣል። በ2006 ሁለት የምርምር ቡድኖች በአይጥ ላይ እንዳሳዩት፣ ከቫይታሚን ኤ የሚገኘው ሬቲኖይክ አሲድ ስትራ8 የተባለውን ጂን ይቀሰቅሳል። በወንዱ ፅንስ ውስጥ ደግሞ ይህን አሲድ የሚያፈርስ ኢንዛይም ስላለ፣ የወንዱ ሕዋሳት እስከ ጉርምስና ድረስ ይቆያሉ። በ2020 ሜዮሲን የተባለ የስትራ8 አጋር ተገኘ። በዚያው ዓመት ግን የሬቲኖይክ አሲድ ተቀባዮች የሌሏቸው አይጦችም ሜዮሲስ እንደሚጀምሩ ታየ። አሲዱ ብቸኛው በር ከፋች እንዳልሆነ ታወቀ ማለት ነው። ይህ ክርክር ዛሬም አላለቀም። ለጉዳያችን የሚጠቅመው ግን አንድ ነገር ነው፦ ማንኛውም ሕዋስ ተነስቶ ሜዮሲስ ልሥራ ሊል አይችልም። የቆዳ ሕዋስ ስትራ8ንም ሜዮሲንንም ዘግቶ የሚኖር ሕዋስ ነው።

ውሳኔው ካለፈ በኋላ ሕዋሱ ዲኤንኤውን ይገለብጣል። ከውጭ ሲታይ ከተራው ክፍፍል ጋር አንድ ይመስላል፤ ነገር ግን ጊዜው ይረዝማል፣ የሚዘረጋውም ዕቃ ሌላ ነው። ሁለቱን ቅጂዎች አንድ ላይ የሚያስረው ኮሂሲን የሚባል የቀለበት ቅርጽ ያለው ፕሮቲን ነው። በሜዮሲስ የዚህ ቀለበት አንዱ አካል ተለውጦ ሬክ8 የተባለው ይገባል። ይህ ለውጥ ቀላል እንዳይመስልዎ። በወንድ ከሳምንታት፣ በሴት ደግሞ ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ክፍፍል በሁለት ደረጃ እንዲፈጸም የሚያደርገው ይህ ቀለበት ነው። በመጀመሪያው ክፍፍል ከክሮሞሶሙ ክንዶች ላይ ይቆረጣል። ወገቡ ላይ ያለው ግን ሹጎሺን በተባለ ጠባቂ ፕሮቲን ተከልሎ እስከ ሁለተኛው ክፍፍል ይቆያል። የሁለተኛው ክፍፍል ሥርዓት የተወሰነው፣ እንግዲህ፣ ገና የመጀመሪያው ሳይጀመር ነው።

ከዚያ የሚመጣው ነገር ለሰሚ እብደት ይመስላል። ሕዋሱ የገዛ ዲኤንኤውን ይቆራርጣል። በማንኛውም ሌላ ሕዋስ ውስጥ የዲኤንኤ ሁለቱ ክሮች አብረው ከተበጠሱ አደጋ ነው፤ ካንሰርም ሊያመጣ ይችላል። በሜዮሲስ ግን ስፖ11 የተባለው ኢንዛይም ሆን ብሎ ይበጥሳል። በአይጥ አንድ ሕዋስ ውስጥ ከ200 እስከ 300 በሚደርሱ ቦታዎች ላይ። ቆራጩ እሱ መሆኑ የታወቀው በ1997 ነው። ሆኖም ኢንዛይሙን ለብቻው አውጥቶ በቤተ ሙከራ ቱቦ ውስጥ ሲቆርጥ ለማየት እስከ 2025 መጠበቅ አስፈልጓል። በዚያ ዓመት የካቲት ላይ ስኮት ኪኒ የሚመሩትን ጨምሮ ሦስት ቡድኖች ውጤታቸውን በአንድነት አወጡ። አንድ ስፖ11 ብቻውን አይቆርጥም፤ ሁለት ስፖ11ዎች ተገናኝተው ዲኤንኤውን ከግራና ከቀኝ መያዝ አለባቸው። ብቻቸውን ሲሆኑ ደግሞ እርስ በርስ የመያያዝ ፍላጎታቸው ደካማ ነው። የኢንዛይሙ ጥበብ ያለው እዚህ ድካሙ ላይ ይመስለኛል። እንደልብ የሚገናኙ ቢሆኑ ኖሮ ዲኤንኤውን ባልተፈቀደ ቦታና ጊዜ ሁሉ በበጣጠሱት ነበር።

ቁርጡ ዓላማ አለው። የተበጠሰው ጫፍ ራሱን ለመጠገን ከሌላው ወላጅ የመጣውን አቻ ክሮሞሶም ፈልጎ ያገኛል። 3 ቢሊዮን ፊደላት ባሉት ጽሑፍ ውስጥ የራሱን አምሳያ መስመር መለየት ማለት ነው። አቻዎቹ ሲገናኙ በመካከላቸው የፕሮቲን ድልድይ ይዘረጋል፤ ሞንትሮዝ ሞዝስ በ1956 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያየው ይህን ነው። አብዛኛው ቁርጥ ያለ ልውውጥ ተጠግኖ ያልፋል። ጥቂቱ ግን ክሮሲንግ ኦቨር ይሆናል። የእናት ክሮሞሶም ቁራጭ ከአባት ክሮሞሶም ቁራጭ ጋር ቦታ ይለዋወጣል፣ ሁለቱም ተጠላልፈው ይቀራሉ። ያንሰንስ የተባለ ተመራማሪ መስቀለኛውን መጠላለፍ በ1909 ገልጾት ነበር። ሃሪየት ክሬይተንና ባርባራ ማክሊንቶክ ደግሞ በ1931 በበቆሎ ላይ ቁራጮቹ በእርግጥ መለዋወጣቸውን አረጋገጡ። በወንድ የሰው ሕዋስ በአማካይ 50 ያህል ልውውጥ ይደረጋል፤ በሴት ከዚያ ይበልጣል።

ይህን ልውውጥ ሁልጊዜ የምናነሳው ልጆች ለምን ከወላጆቻቸው እንደሚለያዩ ለማስረዳት ነው። ትክክል ነው፤ ግን የሥራው ግማሽ ነው። ልውውጡ የሚሠራው ሌላ ሥራ ሜካኒካዊ ነው። ክፍፍሉ ሲመጣ አንዱ ክሮሞሶም ወደ ግራ፣ አቻው ወደ ቀኝ እንዲሄድ በክር ይጎተታሉ። ሕዋሱ ግን ዓይን የለውም፤ ክሮቹ በትክክለኛው ወገን መያያዛቸውን የሚያውቀው በመወጠራቸው ነው። ገመድ ጉተታ የተጫወተ ሰው ይህን ያውቀዋል። ገመዱ መካከሉ ላይ ከተበጠሰ ሁለቱ ቡድኖች ምንም ቢጎትቱ ውጥረት አይኖርም። ተጠላልፎ የቀረው ልውውጥ፣ ከሬክ8 ቀለበቶች ጋር ሆኖ፣ ገመዱን ሳይበጠስ ያቆየዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥንድ ቢያንስ አንድ ልውውጥ ያስፈልገዋል። ያላገኘው ጥንድ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ የለም። በወንዱ ኤክስና ዋይ ክሮሞሶሞች ይህ እስከ ጫፍ ደርሷል። ዋነኛው የሚመሳሰሉበት ስፍራ ጫፋቸው ላይ ያለ 2.7 ሚሊዮን ፊደላት ገደማ የሚሆን ቁራጭ ነው፤ አንዷ የግድ ልውውጥ እዚያ ውስጥ መደረግ አለባት።

በወንድ ይህ ሁሉ ከጉርምስና ጀምሮ ያለማቋረጥ ይካሄዳል፤ ሜዮሲሱ ራሱ ሳምንታት ይወስዳል። በሴት ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ለእኔም ከሁሉ የሚደንቀኝ ይሄ ነው። የሴት ፅንስ ሕዋሳት ሜዮሲስ የሚጀምሩት እናቷ ሆድ ውስጥ ሳለች፣ ከሦስተኛው ወር አካባቢ አንስቶ ነው። በአምስተኛው ወር እንቁላል ሊሆኑ የሚችሉት ሕዋሳት 6 ወይም 7 ሚሊዮን ይደርሳሉ። ከዚያ ይቀንሳሉ። ስትወለድ 1 ወይም 2 ሚሊዮን፣ ጉርምስና ላይ 300 ሺህ ገደማ፤ በዕድሜዋ ሙሉ ለመዳበር የሚወጡት 400 ወይም 500 ናቸው። መቆራረጡ፣ መጣመሩ፣ መለዋወጡ ሁሉ ሳትወለድ ተጠናቆ፣ ክሮሞሶሞቹ እንደተጠላለፉ ሕዋሱ ይቆማል። ሥራው የሚቀጥለው ያ እንቁላል ሊወጣ በተቃረበበት ወር ነው። በ15 ዓመት ሊሆን ይችላል፣ በ40ም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ክፍፍል ደግሞ የወንዱ ዘር ካልገባ አያልቅም። አንባቢ የተገኘበት እንቁላል ሜዮሲስ የጀመረው እናቱ በአያቱ ማኅፀን ሳለች ነው።

ይህ ረጅም ጥበቃ ዋጋ ያስከፍላል። በ2010 በአይጥ ላይ በተሠራ ሥራ፣ ክሮሞሶሞቹን የሚያስሩት የሬክ8 ቀለበቶች እንቁላሉ ቆሞ በሚጠብቅበት ጊዜ ሲታደሱ አልታየም። በፅንስ ጊዜ የተገጠመው ቀለበት ነው እስከ መጨረሻው የሚያገለግለው ማለት ነው። በ2015 ደግሞ ሜሊና ሹህና ባልደረቦቿ የሰውን እንቁላል ሕያው እያለ በማይክሮስኮፕ ቀርጸው ክሮሞሶሞቹን የሚጎትተው የክር ማዕቀፍ ለመሠራት 16 ሰዓት ገደማ እንደሚወስድ፣ ብዙ ጊዜም እንደማይረጋ አሳዩ። ዕድሜ ሲጨምር ቀለበቶቹ ይሳሳሉ፣ ጥንዶቹ ቀድመው ይለያያሉ። አንድ ተጨማሪ 21ኛ ክሮሞሶም ይዞ የሚወለድ ሕፃን ዳውን ሲንድረም ይኖረዋል። በ20 ዓመቷ የምትወልድ እናት ይህ የሚገጥማት ከ1500 አንድ ጊዜ ገደማ ሲሆን፣ በ35 ዓመቷ ከ350 አንድ፣ በ40 ዓመቷ ከ100 አንድ አካባቢ ይደርሳል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሚጨነግፉት ፅንሶችም ግማሽ ያህሉ የክሮሞሶም ቁጥር ስህተት ያለባቸው ናቸው። በእኛ አገር ፅንስ ሲጨነግፍም ሆነ እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ ጣት የሚቀሰረው በእናቲቱ ላይ ነው፦ ምን በላች፣ ምን ተሸከመች፣ ማን አየባት። ስህተቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው ማንም ሊቆጣጠረው በማይችል የአንድ ሕዋስ ክፍፍል ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ኦሪገን እንመለስ። ቡድኑን የሚመራው ሹክራት ሚታሊፖቭ በሙያው ስመ ጥር ነው፤ በ2013 ከሰው ቆዳ ኑክሊየስ ግንደ ሕዋስ ያወጣው እሱ ነው። የአሁኑ ሙከራ እንዲህ ተሠራ። ፈቃደኛ ሴቶች የለገሱት እንቁላል የራሱ ክሮሞሶሞች እንዲወጡለት ተደረገ። በምትኩ የቆዳ ሕዋስ ኑክሊየስ ከ46 ክሮሞሶሞቹ ጋር ገባ። እንቁላሉ በሁለተኛው የሜዮሲስ ክፍፍል ላይ የቆመ ስለነበር፣ የገባበትን እንግዳ ኑክሊየስ ለክፍፍል የተዘጋጀ አድርጎ ቆጠረው፤ ክሮሞሶሞቹን አኮማትሮ በክር ማዕቀፉ ላይ ሰቀላቸው። ክሮሞሶሞቹ ግን አልተገለበጡም፣ አልተጣመሩም፣ አልተለዋወጡም። የወንድ ዘር ሲገባበትም እንቁላሉ እዚያው ላይ ተገትሮ ቀረ። ተመራማሪዎቹ የክፍፍል ኢንዛይሞችን የሚያግድ ኬሚካል ጨምረው ገፉት። ያን ጊዜ ከክሮሞሶሞቹ ግማሽ ያህሉ ፖላር ቦዲ ወደሚባለው ትንሽ ተጣይ ሕዋስ ወጡ፤ በአማካይ 23 ውስጥ ቀሩ። ሂደቱን ከማይቶሲስና ከሜዮሲስ ስሞች አጣምረው «ማይቶሜዮሲስ» አሉት።

በአማካይ 23። የዜናው ማራኪነት ሁሉ ያለው በዚህች ቁጥር ላይ ነው፤ ማሳሳቻውም። እንቁላል የሚያስፈልገው ማንኛውም 23 ክሮሞሶም አይደለም፤ ከእያንዳንዱ ጥንድ አንድ አንድ ነው። ሁለት 5ኛ ክሮሞሶም ይዞ 8ኛው የሌለው ሕዋስም 23 ይቆጥራል። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ዘረመሉን መርምረው በሐቅ እንደጻፉት፣ ክሮሞሶሞቹ የተከፈሉት በዘፈቀደ ነው፤ ልውውጥም አልነበረም።

ዘፈቀደ ሲባል ምን ያህል ነው? በባዮሎጂ መማሪያ ውስጥ 8,388,608 የሚል ቁጥር አለ። ሁለትን 23 ጊዜ ከራሱ ጋር ስናባዛ የምናገኘው ነው። መምህራን የሚያነሱት አንድ ሰው ከ23ቱ ጥንዶች አንድ አንድ እየመረጠ ስንት ዓይነት የዘር ፍሬ መሥራት እንደሚችል ለማሳየት ነው። በተፈጥሯዊ ሜዮሲስ እነዚህ 8 ሚሊዮን ምርጫዎች ሁሉም ትክክል ናቸው፤ የትኛውም ቢወጣ ሙሉ እንቁላል ነው። ምክንያቱም ጥንዶቹ ስለታሰሩ አንዱ ወደ ግራ ከሄደ ሌላው ወደ ቀኝ መሄዱ አይቀርም። ጥንዱን ስንፈታው ቁጥሩ ይገለበጣል። እያንዳንዱ ክሮሞሶም ለብቻው ሳንቲም እንደመወርወር ወደፈለገው ወገን ከሄደ፣ አንድ ጥንድ በትክክል የመለያየት ዕድሉ ግማሽ ነው። 23ቱም በአንድ ጊዜ በትክክል የሚለያዩበት ዕድል ደግሞ ከ8,388,608 አንድ። የብዝኃነት መለኪያ የነበረው ቁጥር የውድቀት መለኪያ ሆነ። በዚህ መንገድ እየተሠራ 82 ሳይሆን 82 ሺህ እንቁላል ቢገኝ፣ በስሌቱ አንድም ጤናማ አይጠበቅም።

የተገኘውም ይህን የሚመስል ነው። አብዛኞቹ ፅንሶች አራት ወይም ስምንት ሕዋስ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። 9 በመቶ ያህሉ ስድስተኛው ቀን ላይ ብላስቶሲስት ወደሚባለው ደረጃ ደረሱ፤ የክሮሞሶም ጉድለት ግን ነበረባቸው። ከዚያ በላይ እንዲያድጉ አልተደረገም፤ መደረግም አልነበረበትም። ለተመራማሪዎቹ የሚከራከሩ ሰዎች ተፈጥሯዊው የሰው እንቁላልም ቢሆን ከስህተት የጸዳ አይደለም ይላሉ። እውነት ነው፤ ከሚዳብሩት እንቁላሎች ከ10 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት የክሮሞሶም ስህተት እንዳለባቸው ይገመታል። ንጽጽሩ ግን አያስኬድም። እዚያ ሥርዓቱ አልፎ አልፎ ይሳሳታል፤ እዚህ ሥርዓቱ ራሱ የለም። ሙከራው መርሁ የሚቻል መሆኑን ለማሳየት ብቻ ነው ለሚሉት ግን እስማማለሁ። አንድ እንቁላል የአዋቂ ሰው ሕዋስ ክሮሞሶሞችን በግማሽ እንዲቀንስ ማድረግ ቀላል ነገር አይደለም። ቡድኑም ወደ ሕክምና ለመድረስ ቢያንስ አሥር ዓመት ያስፈልጋል ብሏል። ያጋነነው ሌላው ነው።

ከዚህ የተለየ ረጅም መንገድ የያዙት ጃፓኖች ናቸው። ካትሱሂኮ ሃያሺና ሚቲኖሪ ሳይቱ የአዋቂን ሕዋስ በመጀመሪያ ወደ ግንደ ሕዋስ፣ ከዚያ ወደ ዘር ሕዋስ ጀማሪ ይመልሱና ሜዮሲሱን ራሱ ሕዋሱ እንዲሠራው ይተዉለታል። በ2016 የሃያሺ ቡድን ከአይጥ ጅራት ከተወሰደ ሕዋስ ተነስቶ ሙሉውን ሂደት በቤተ ሙከራ ሳህን ውስጥ አሳለፈ፤ ጤናማ ግልገሎችም ተወለዱ። በ2023 ከወንድ አይጥ ሕዋስ እንቁላል ሠርተው፣ ከ630 ፅንሶች 7 ግልገሎች ተወለዱ። ከመቶ አንድ ገደማ ነው፤ ከኦሪገኑ የሚለየው ግን እነዚህ ሰባቱ ተወልደው ያደጉ መሆናቸው ነው። በእነዚያ እንቁላሎች ውስጥ ክሮሞሶሞቹ ተፈላልገው ተጣምረዋል።

ታዲያ ለምን ያው በሰው አይደረግም? ቢሞከርም በሩ ላይ ቆመ። የሳይቱ ቡድን በ2018 ከሰው ግንደ ሕዋስ ኦጎኒያ የሚባሉትን፣ ሜዮሲስ ከመጀመራቸው በፊት ያሉትን ሕዋሳት ሠራ፤ ለዚያ ብቻ አራት ወር ገደማ ፈጀበት። የአይጥ እርግዝና 20 ቀን ያህል ነው፤ የሰው እንቁላል ግን ዝግጅቱን ለመጨረስ ወራት ይፈልጋል፣ ከዚያም ለማደግ በዙሪያው የኦቫሪ ሕዋሳት ያሻዋል። ሥራው አድካሚ ነው፣ ለዜናም አይመችም። ቢሆንም ገንዘብም ጊዜም መፍሰስ ያለበት እዚህ ላይ ነው ብዬ እሟገታለሁ። አጭሩ መንገድ ኬሚካሉን በማሻሻል የሚስተካከል አይመስለኝም። ጥንዶቹን የሚያገናኝ ነገር እስካልተገኘ ድረስ ሕዋሱን ምንም ያህል ቢገፉት የሚያወጣው ዕጣ ነው። ሚታሊፖቭና ባልደረቦቹም ቀጣዩ ሥራቸው ክሮሞሶሞቹ በትክክል ተጣምረው እንዲለያዩ ማድረግ እንደሆነ ገልጸዋል። ይህ ማለት፣ በእኔ አነጋገር፣ የዘለሉትን ሜዮሲስ ተመልሰው ሊሠሩት ነው ማለት ነው።

በወሬው መካከል የተረሳ ሌላ ነገርም አለ። «ከቆዳ የተሠራ» የተባለው እንቁላል ያለ ሌላ ሴት እንቁላል አይሠራም። ኑክሊየሱ ከቆዳው ቢመጣም ሰውነቱ፣ ምግቡና ማይቶኮንድሪያው የለጋሿ ነው። 82 እንቁላል ለማግኘት ለጋሾች ሆርሞን ተወግተው፣ በመርፌ እንቁላላቸው ተቀድቶ ነው። ዘዴው ነገ ቢሠራ እንኳ የእንቁላል እጥረትን በአንድ ጊዜ አያጠፋም። የሚለውጠው የልጁ ዘረመል ከማን እንደሚመጣ ነው። ይህ ለብዙዎች ትልቅ ነገር ነው፤ ከለጋሿ የሚጠየቀውን ግን አያስቀረውም።

ልጅ አጥቶ የሚጨነቅ ሰው እንዲህ ያለውን ዜና በምን ልብ እንደሚያነበው አይጠፋኝም። በእኛ ዘንድ መካንነት የሁለት ሰዎች ሕመም ሆኖ ሳለ ሸክሙ በሴቲቱ ጫንቃ ላይ ብቻ ያርፋል፤ ተስፋ የሚሸጥ ደግሞ በየአገሩ አለ። ስለዚህ ወደፊት «ከቆዳ»፣ «ከደም» ወይም «ከግንደ ሕዋስ እንቁላል ተሠራ» የሚል ወሬ ሲሰሙ ስንት እንቁላል ተሠራ ብለው አይጠይቁ። ክሮሞሶሞቹ ተጣምረው ተለዋውጠዋል ወይ ብለው ይጠይቁ። መልሱ «አልተለዋወጡም» ከሆነ፣ ገና የላቦራቶሪ ሥራ ነው። እስከ አሁን በኦሪገኑም ሆነ በጃፓኖቹ መንገድ ከተሠራ እንቁላል የተወለደ ሰው የለም፤ ይህን አገልግሎት እሰጣለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ክሊኒክ ካጋጠመዎ አይክፈሉ።